የረውዳ ችግኝ

ረውዳ «ድኛለሁ» ብላ አፏን ሞልታ በተናገረችበት ሳምንት ችግኟ ሞተች።

መልእክቱ የደረሳቸው እሑድ ምሳ ቀርቦ ነው። ረውዳ እጇን ታጥባ ተቀምጣለች። ልጃቸው ኒሃል ከሰላጣው ውስጥ ቃሪያውን እየለቀመች ወደ አባቷ ሳህን ታሻግራለች። ፉአድ ስልኩ ሲጮህ አነሳና አነበበው።

«የወይዘሮ ረውዳ ጀማል ችግኝ ማረፏን ስንገልጽ ከልብ እናዝናለን። መድኃኒቱ ከዛሬ ጀምሮ ተቋርጧል። ለማብራሪያ ማክሰኞ ጠዋት ጣቢያችን ይቅረቡ።»

«ምንድን ነው?» አለችው ረውዳ።

«ማክሰኞ ኑ ነው የሚሉት።»

«ችግኟ ታመመች እንዴ?»

ፉአድ ልጁን አየ። ረውዳ ስልኩን ከእጁ ወስዳ አነበበችው፤ አንብባም ጠረጴዛው ላይ በአፉ ደፋችው። «እኔ እኮ ደህና ነኝ» አለች። ለማን እንደተናገረች ግልጽ አልነበረም። ከዚያ ለልጇ እንጀራ ቆርሳ ወጥ አወጣችላት።

በዚያ ዘመን ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ኩላሊቱን የታመመ ሰው ሁሉ ችግኝ ነበረው። ከታማሚው ጎን በመርፌ የምትነሳ ቅንጣት ሥጋ ኮምቦልቻ ከቦርከና ወንዝ ማዶ ወዳለው ጣቢያ ትወሰድና እዚያ ትበቅላለች። አድጋ አድጋ ከምስር ፍሬ አትበልጥም፤ ግን ትጠጣለች፣ ታጣራለች፣ ያጣራችውን ታወጣለች። የበሩ ሰሌዳ «የኩላሊት ሕብረ ሕዋስ አምሳያ የምርምር ማዕከል» ይላል። ሰዉ ግን «ችግኝ ጣቢያ» ብሎ ጠርቶት ስሙ በዚያው ጸደቀ። ከሰሌዳው ሥር በትልቁ «ቀድሞ ችግኝ፣ ቀጥሎ ሰው» የሚል ተጽፏል። መድኃኒት ሁሉ መጀመሪያ ለችግኟ ይሰጣል፤ እሷ ከተስማማት ባለቤቷ ይውጣል፣ ካልተስማማት አይውጥም።

ሰዉ ለምዶታል። መንገድ ላይ የተገናኙ ሴቶች ስለ ልጆች፣ ስለ ቤት ተጠያይቀው ሲያበቁ «ችግኝሽስ?» ይባባላሉ። «አልሐምዱሊላህ፣ በደንብ እየጠጣች ነው» ይባላል። ዒድ ሲሆን ቤተሰብ አዲስ ልብሱን ለብሶ ጣቢያው መስኮት ሥር ይሰለፋል፤ ልጆችም በመስታወቱ ወዲያ በሰሃን ላሉት ቅንጣቶች እጃቸውን ያወዛውዛሉ። ሽማግሌ ልኮ ልጅ የሚጠይቅ ወገን ከዘር ማንዘሩ ቀድሞ የልጅቷን ችግኝ ጤንነት ያጣራል።

ፉአድ ይህን ነገር የሚጠላ ሰው አልነበረም። አባቱ የሞቱት ለወገብ ሕመም ተብሎ በተሰጣቸው መድኃኒት ነው፤ መድኃኒቱ ወገባቸውን አሽሎ ኩላሊታቸውን ጨረሰው። ያኔ መድኃኒት የሚሞከረው በሰው ላይ ነበር፤ ከዳነ እሰየው፣ ካልዳነ ዕድሜው አልቆ ነው። ስለዚህ ረውዳ ኒሃልን በወለደች በሦስተኛው ዓመት እግሯ ማበጥ ሲጀምር፣ «ምነው ከገላዬ ቆርሼ ለማላውቀው ሰው እሰጣለሁ» ብላ ስታንገራግር፣ ያግባባት እሱ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ክኒኑ ጣቢያ ላለችውም ቤት ላለችውም ተስማማ። የረውዳ እግር ጎደለ፣ ፊቷ ወደ ቦታው ተመለሰ። ቧንቧ ውሃ ሰፈር ያለውን የሹሩባ ቤቷን ደግማ ከፈተች፤ ከጠዋት እስከ ማታ ቆማ ስትሠራ ዋለች። «ድኛለሁ» ያለችውም ለደንበኞቿ ነው።

ማክሰኞ የተቀበለቻቸው ሶልያና የምትባል አስረጂ ነበረች። የአስረጂዎች ሥራ ውጤት መንገር ነው። ድምጿ ለስላሳ ነው፤ የምትናገረውን ብዙ ጊዜ የተናገረች ሰው ድምፅ። ወንበር ሰጥታ ካስቀመጠቻቸው በኋላ ሥዕል አሳየቻቸው። የመጀመሪያው ላይ ችግኟ እንደ ሮማን ፍሬ ቀይና ጥርት ያለች ነች፤ በመጨረሻው ላይ ቡናማ ሆና ተጨማዳለች።

«መድኃኒቱ ነው» አለች ሶልያና። «ቀስ በቀስ በላት።»

«ሚስቴን ግን አልበላትም» አለ ፉአድ። «እግሯን ይዩት እስቲ።»

ሶልያና አላየችም። «እግር ዘግይቶ ነው የሚናገር። ችግኝ ከባለቤቷ በመንፈቅ ትቀድማለች። ዛሬ በእሷ ያየነውን የዛሬ ስድስት ወር በወይዘሮ ረውዳ ላይ እናየዋለን። መድኃኒቱን ያቋረጥነው እንዲያ እንዳይሆን ነው።»

«ካቋረጣችሁባት አትታመምም ማለት ነው?»

«እሱን ቃል አልገባም። አንዴ የተጎዳ ተጎድቷል።»

«ችግኛቸው ሞታ መድኃኒት የተቋረጠባቸው ሰዎች ምን ሆኑ?»

«ታመሙ» አለች። «ሁሉም። እስካሁን ችግኝ ዋሽታ አታውቅም።»

«ችግኙ ሞታ፣ መድኃኒቱ ሳይቋረጥበት የቀረስ የለም?»

ሶልያና ግር አላት። እንዲህ ያለ ጥያቄ ደርሷት የሚያውቅ አይመስልም። «ያማ እያወቁ መርዝ ማጠጣት ነው፣ አቶ ፉአድ። በሕግ ያስጠይቃል።»

«ታዲያ በምን ታውቃላችሁ?»

ሶልያና ወደሚቀጥለው አለፈች። ሌላ ችግኝ ማብቀል እንደሚቻል፣ ተራው ግን ረጅም እንደሆነ፣ እስኪደርስም ምንም ዓይነት መድኃኒት መስጠት እንደማይፈቀድ አስረዳች። ያን ጊዜ ረውዳ «ልያት» አለች።

ፉአድ ባያያት ይመርጥ ነበር። ረውዳ ግን መስታወቱን ተጠግታ፣ ግንባሯን አስነክታ፣ ከዚያች ቡናማ ነገር ላይ ዓይኗን ሳታነሳ ቆየች። በዒዱ ጊዜ ኒሃልን አቅፋ «ያቻት እናትሽ» ያለቻት እዚሁ መስታወት ሥር ቆማ ነው። ሲመለሱ እሱ በሚሠራበት መስመር አውቶቡስ ተሳፍረው የሐረጎን ዳገት ወጡ። ጉም ወርዶ ነበር። ረውዳ እጇን ጎኗ ላይ፣ መርፌው በገባበት ቦታ ላይ እንዳደረገች ደሴ ደረሱ።

ወሬው ከእነሱ ቀድሞ ሰፈር ገብቷል። ጎረቤቶች «ስለ ችግኝሽ ሰማን፣ አላህ ያጽናሽ» እያሉ መጡ፤ አንዳንዷ ሳህን ይዛ፣ አንዳንዷ ነጠላዋን አዘቅዝቃ። ረውዳ መጀመሪያ ሳቀች። «ኧረ እኔ አልሞትኩም፣ ተነሱ» አለቻቸው። አልተነሡም፤ አንገታቸውን ደፍተው ተቀመጡ። የሹሩባ ደንበኞቿ ቆማ እንዳትሠራ ወንበር ያመጡላት ጀመር፤ ቀጥሎ ከማዘናቸው የተነሣ መምጣት ተዉ። አንዷ በመንገድ አግኝታት «እንዳላደክምሽ ብዬ እኮ ነው» አለቻት። ሰው ሁሉ እንደ በሽተኛ ሲይዛት እሷም እንደ በሽተኛ መራመድ ጀመረች፤ ፉአድ እንዲያ ነበር የመሰለው። አንድ ቀን ጠዋት ግን የጋብቻ ቀለበቷ ከጣቷ አልወጣ አለ። በሳሙና ሞከረች። እግሯን ሲያይ የቁርጭምጭሚቷ አጥንት ጠፍቷል።

«ይኸው» አለች ረውዳ። «ችግኟ ተናግራ ነበር።»

«ክኒኑን ስላቆሙብሽ ነው!»

«ክኒኑን ያቆሙት እኮ እሷ ስለሞተች ነው።»

ፉአድ ከየት ቢይዘው ነገሩ ዞሮ እዚያው ይመጣል።

በዚያ ሳምንት ሥራ ላይ የነበረው እንዲሁ ለመገኘት ያህል ነው። ለነገሩ ሥራውም እንደዚያ ነው፤ አውቶቡሱ ሐረጎን ራሱ ይወጣዋል፣ ራሱ ይወርደዋል፤ ሹፌር የሚፈለገው ሕጉ አንድ ሰው ወንበሩ ላይ ይቀመጥ ስለሚል ነው። ኮምቦልቻ መናኸሪያ ላይ ጌዲዮንን አገኘው። አብሮ አደጉ ነው፤ በሚሌ በኩል ወደብ የሚመላለስ የጭነት መኪና ላይ ይቀመጣል። ፉአድ የሆነውን ሁሉ ነገረው።

ጌዲዮን አዳምጦ ሲያበቃ፣ «ከድንበር ማዶ ይሸጣል እኮ» አለ። «እዚያ ችግኝህ የታል ብሎ የሚጠይቅ የለም። መድኃኒት ነው ስጡኝ ትላለህ፣ ይሰጡሃል።»

«ያው መድኃኒት?»

«ያው ራሱ። ግን ፉአዴ፣ እነሱ የሚሉት እውነት ቢሆንስ? ይገላታል ካሉ?»

«ሁለት ዓመት ስትውጠው አልገደላትም።»

«እሱስ ልክ ነህ» አለ ጌዲዮን፤ ያመነ ግን አይመስልም። ቢሆንም በሚቀጥለው ምልልሱ አመጣለት።

ፉአድ ብልቃጡን ይዞ ቤት ሲገባ እንደ ሙሽራ ልቡ ይመታ ነበር። ረውዳ እግሯን ትራስ ላይ ሰቅላ ተቀምጣለች። ብልቃጡን አይታ ወዲያው አወቀችው። እጇን አልዘረጋችም።

«ከየትም ይምጣ» አለ፣ «ያንቺው ነው። ዋጪው።»

«አልውጥም።»

«ረውዳ፣ በዚህ ነው ድነሽ የነበረው።»

«እሷንም በዚህ ነው የገደሏት። ከኔ ሥጋ ነች እኮ፣ ፉአድ። የኔው ነች። ምን እንዳደረጋት በዓይኔ አየሁት፤ አንተ ፊትህን አዙረህ ነበር እንጂ።» ድምጿ አልተነሣም። «ልጅ አለኝ። መርዝ ነው እየተባልኩ አልውጥም።»

ለመናት፣ ተቆጣት፣ በኒሃል አስማላት፤ አልሆነም። ከእሷ ጋር የኖረ ሰው እንቢ ስትል ያውቃታል። ፉአድ ብልቃጡን መሣሪያ ሳጥኑ ውስጥ ቁልፎቹ ሥር ከተተው። በማግስቱ ተነሥቶ የአጃ አጥሚቷን ራሱ አፈላላትና አንዱን ክኒን በማንኪያ ጀርባ አድቅቆ ማር ጨመረበት።

«ምን አግኝተህ ነው ዛሬ?» አለችው ፈገግ ብላ።

«ባልሽ አይደለሁ እንዴ።»

ጠጣችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ አጥሚት ማፍላት የእሱ ሥራ ሆነ። ሲያቀብላት ዓይኗን አያይም ነበር፤ ጽዋው ባዶ ሲመለስ ግን በልቡ ያመሰግናል። ሳምንታት አለፉ። መጀመሪያ የዓይኗ ዙሪያ ጎደለ። ቀጥሎ ቁርጭምጭሚቷ ወጣ። አንድ ጠዋት ፉአድ ከጓዳ ሲወጣ ረውዳን በረንዳው ላይ ቆማ አገኛት፤ ኒሃልን ከፊቷ አስቀምጣ ጸጉሯን ቁጥርጥር ትሠራታለች፣ ጣቶቿ እንደ ድሮው ይሮጣሉ። ቀለበቷን አውልቃ መስኮቱ ላይ አድርጋዋለች።

«ወለቀ እኮ» አለችው ሳታይ። «አላህ ሲል።»

ፉአድ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። እዚያው ሊነግራት አፉን ከፍቶ ነበር። ትንሽ ትጠንክር ብሎ መልሶ ዘጋው።

የታማሚ ቤት ሽንት ቤት ሽንቱን እየመረመረ ያገኘውን በየሁለት ወሩ ለጣቢያው ያሳውቃል፤ ይህን አገር ያውቀዋል፣ ከመለመዱ የተነሣ ግን ሰው ረስቶታል። ፉአድም ረስቶት ነበር። ሶልያና አንድ መታወቂያ ያንጠለጠለ ሰው አስከትላ በሩ ላይ ስትቆም ነው ትዝ ያለው።

ግቡ ተብለው ገቡ፤ የቀረበላቸውን ውኃም ተቀበሉ። «ወይዘሮ ረውዳ» አለች ሶልያና፣ «በሽንትዎ ውስጥ መድኃኒቱን አግኝተናል።»

«የቱን መድኃኒት?»

«የተከለከሉትን።»

«ወላሂ አልዋጥኩም። መጥቶልኝ እንኳ እንቢ…» ብላ ጀመረችና አቋረጠች። ቀስ ብላ ወደ ፉአድ ዞረች። ፉአድ የአጥሚቱ ጽዋ ገና በእጁ ነው። አየችው፣ ጽዋውን አየች፣ መልሳ እሱን አየችው።

ሰውየው «ማን እንደሰጠዎት ካልነገሩን ነገሩ ወደ ፖሊስ ይሄዳል» አለ። «ለሰጪው እስር አለው።»

«ማንም አልሰጠኝም» አለች ረውዳ። «እኔው ነኝ። ዋሽቼ ነው፤ ዋጥኩት።»

ሶልያና አየቻት። ከዚያ ብልቃጡን ጠየቀች፤ ፉአድ ሄዶ ከመሣሪያ ሳጥኑ አወጣላት። ምክንያቱን አልጠየቀችውም። ሲወጡ ፉአድ በሩ ድረስ ተከትሏት «እግሯን ዛሬስ አላዩትም?» አላት። አይታ ነበር፤ ዓይኗ እዚያ ሲሄድ አይቷታል። «ጊዜያዊ ነው» አለች፣ ጫማዋን እያሰረች።

ተመልሶ ሲገባ ረውዳ ከተቀመጠችበት አልተነሣችም።

«በአጥሚት» አለች።

«ቀለበትሽ ወለቀ እኮ። ተሽሎሽ…»

«ሰው ሊሞት ሲል ይቀለዋል፣ ፉአድ።» እጆቿን አጣጥፋ ጉልበቷ ላይ አድርጋ ነበር። «ያንን ነገር አበላኸኝ። ማር ጨምረህ። እኔ ደግሞ ምን ያለ ባል ሰጠኝ እያልኩ።»

ክፉ ቃል ብትናገረው ይሻለው ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ እሱ የነካውን አልበላችም። ውኃዋን ራሷ ትቀዳለች፤ መነሣት ሲያቅታት ኒሃል ትቀዳላታለች። አንድ ጊዜ ፉአድ ብርጭቆውን ከልጅቷ ተቀብሎ ሊያቀብላት ሲል ረውዳ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

እብጠቱ ተመለሰ፤ ሲመለስም በርትቶ ተመለሰ። ወደ ሆስፒታል ወሰዳት። እጥበት ተጀመረላት፤ ሰውነቷ ግን ማሽኑን አልቻለም፣ ልቧ ደከመ። በመጨረሻ አካባቢ በአንዱ ከሰዓት ፉአድ ከአልጋዋ አጠገብ ተቀምጦ ሳለ እጇን ወደ እሱ አስጠጋች። ስትነካው ሶልያና ቤታቸው ከመጣችበት ቀን ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው። ይቅር ያለችው መሰለው።

«አትናደድባት» አለችው።

«በማን?»

«በችግኟ። ቀድማ ነግራን ነበር። አንተ ነህ ያልሰማሃት።»

ፉአድ እጇን እንደያዘ ቆየ። ያንቺ ሰውነትም ነግሮን ነበር፣ ተሽሎኛል ብሎሽ ነበር፣ ሊላት ፈልጎ ነበር። እሷ ግን ደክሟት ዓይኗን ጨፍናለች። ከዚያ በኋላ ብዙም አልቆየች።

ቀበሯት። ለቅሶው ላይ ሶልያና ጥቁር ለብሳ መጣች፤ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጣ አለቀሰች፤ የውሸት ልቅሶ አልነበረም። ስትሰናበት ፉአድን ወደ ዳር ወስዳ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ራስዎን እንዳይወቅሱ» አለችው። «ችግኟ ካረፈች ልክ በመንፈቋ ነው። ማንም ሊያስቀረው አይችልም ነበር።»

«እንደ ተናገራችሁት ሆነ ነው የሚሉኝ።»

«እንዲያጽናናዎት ብዬ ነው።»

«መድኃኒቱን ባትከለክሏት ኖሮስ?»

«እሱን ማንም አያውቅም፣ አቶ ፉአድ።»

«እኮ» አለ ፉአድ። «ማንም አያውቅም።»

እሷ ይህን እንደ ስምምነት ሳትወስደው አልቀረችም፤ ትከሻውን ዳበስ አድርጋ ሄደች። በዓመቱ መጨረሻ ጣቢያው ስለ ችግኞቹ ታማኝነት መግለጫ ሲያወጣ አንድም ስህተት እንዳልተገኘ ተናገረ። ረውዳም ከትክክሎቹ ውስጥ ተቆጥራለች።

እናቷ በኩላሊት የሞተችባት ልጅ ትምህርት ቤት ከመግባቷ በፊት ችግኝ እንዲበቅልላት ሕጉ ያዛል። ፉአድ ጥሪው ሲመጣ አልሄደም። ሁለተኛም ጊዜ አልሄደም። ክረምት ላይ ኒሃል ትኩሳት ያዛት። ልጁን አቅፎ ሦስት መድኃኒት ቤት ዞረ፤ ሦስቱም ትከሻቸውን ሰበቁ፤ ችግኝ እንድታበቅል ተጠርታ ላላበቀለች ልጅ የትኩሳት ሽሮፕ እንኳ ቢሆን መስጠት አይችሉም። የመጨረሻዋ ባለመድኃኒት አሳዝኗት በረዶ በፎጣ ጠቅልላ ሰጠችው። ትኩሳቱ በራሱ ጊዜ ወረደ። በሚቀጥለው ሰኞ ፉአድ ልጁን አጥቦ አዲስ ቀሚሷን አለበሳትና ሐረጎን ወረዱ።

ሰልፉ ረጅም ነበር። ሕፃን ያዘለች፣ ልጇን በእጇ የያዘች እናት ሁሉ ተሰልፋለች። ተራቸው ደርሶ ኒሃል ገባች፤ ትንሽ ቆይታ ጎኗን በፋሻ ታስራ ወጣች። አላለቀሰችም። ከኋላዋ ሶልያና አንዲት የተከደነች ብልቃጥ በጓንት ይዛ መጣች። ኒሃል ብልቃጧን ተመለከተችና አባቷን ቀና ብላ አየችው።

«አባ» አለች። «እናቴ የሞተችው ያቺ የእሷ ስለሞተች ነው?»

ከኋላ ያሉት እናቶች ወደ እሱ ዞሩ። ሶልያናም ቆመች። ፉአድ ለዚህ ጥያቄ መልስ ነበረው፤ ወራት ሙሉ ሐረጎን ሲወጣና ሲወርድ ለብቻው ሲመልሰው የኖረው መልስ። ግን ልጅቷን አያት፤ ትኩሳቱ ያከሳው አንገቷን አየ፤ ከፈት አድርጋ መልስ የምትጠብቅበትን አፏን አየ። ነገ መድኃኒት ቤት በር ላይ የምትቆመው እሷ ነች።

«አዎ» አላት።

ኒሃል ራሷን ነቀነቀች። ወደ ሶልያና ተጠግታ ብልቃጧን በጣቷ ጫፍ ነካችና፣ «የኔን በደንብ አጠጧት» አለች።

«እሺ፣ የኔ ቆንጆ» አለች ሶልያና።

ፉአድ ኮፍያውን አወለቀ። ሐኪም እንደሚለምን ሰው ሳይሆን፣ ልጁን ለዘመድ ትቶ ሩቅ አገር እንደሚሄድ ሰው ጎንበስ አለና፣

«አደራ» አላት።